ለብ ያለ ውሃ

የዓሊያ ሆድ ከዳቦ ቤት ዳቦ ጋር ከተጣላ ዓመት አልፎታል። ሁለት ጉርሻ ከዋጠች ይነፋታል፣ ይጮህባታል፣ እስከ ጉሮሮዋ ድረስ ያቃጥላታል። ባሏ ሙህሲን ሱቁን እየዘጋ ያላዞራት ክሊኒክ የለም። በመጨረሻ ቃሊቲ ያለ አንድ ሐኪም፣ «ይሄ የሱቅ እርሾ አልተስማማሽም፤ ዳቦውን ተዪው» ብሎ አሰናበታት። ዓሊያም እሺ ብላ ተወችው። እንጀራ እያለ ዳቦ ቢቀር ምን ይመጣል? ችግሩ ረመዳን ሲገባ ነው። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ሰው በተምር ካፈጠረ በኋላ ከሾርባው ጋር የሚቆርሰው ዳቦ ያምረዋል። ባለፈው ረመዳን ቤተሰቡ ከብቦ ሲቆርስ እሷ ሾርባዋን ፉት እያለች ታይ ነበር፤ አንዳንዴም አላስችል ይላትና ትቆርሳለች፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ታድራለች።

ጎረቤቷ ወለተሥላሴ ይህን የሰማች ዕለት ተቆጣች። የተቆጣችው በዓሊያ አይደለም፣ በዳቦ ቤቶቹ ነው። ከዳቦ ቤት ጋር የቆየ ቂም አላት።

«ሊጥ መች ያቦካሉ? ያሳብጡታል እንጂ!» አለች። «ጠዋት ለውሰው ጠዋት ያወጡታል። ሊጥ አይተኛም እንዴ? ሳይተኛ የወጣ ዳቦ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያቦካው። እኔ በግድግዳ ማዶ ተቀምጬ አንቺ ዳቦ ይናፍቅሽ? የዘንድሮን ረመዳን ለእኔ ተዪው።»

ወለተሥላሴ ባቡር ድርጅት ይሠራ የነበረው የፀሐዩ ሚስት ናት። ፀሐዩ ካረፈ ቆይቷል፤ ባቡሩም ከቆመ ሰንብቷል። እሷ ግን አቃቂ ከነበረችበት የቀበሌ ግቢ አልተነቃነቀችም። ዓሊያና ሙህሲን ከስልጤ መጥተው ከጎኗ ያለውን ቤት የተከራዩት ልጆቻቸው ገና ሳይወለዱ ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው፣ በአንድ ቧንቧ ውሃ ቀድተው ኖሩ። ሥጋውን ለየብቻ፣ የቀረውን በጋራ። በሁለቱ ቤት መካከል የምትመላለስ ዳሯ ሰማያዊ የሆነች አንዲት የቆርቆሮ ሰሃን አለች። የወለተሥላሴ ናት፤ ግን ዓሊያ ቤት የምታድርበት ቀን ይበዛል። ቆሎ ይዛ ትሄዳለች፣ ሳምቡሳ ይዛ ትመለሳለች። ዓሊያ የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም ትላለች፤ ምንም ቢጠፋ ሁለት ሎሚ አድርጋበት ትመልሳታለች እንጂ ባዶዋን መልሳት አታውቅም።

ወለተሥላሴ ቃሏን ጠበቀች። ስንዴውን ራሷ ለቀመች፣ አጥባ አሰጣችው፣ ወፍጮ ቤት ወስዳም እዚያው ቆማ አስፈጨችው። አልነፋችውም፤ ፉርሽካው ሆድ ይጠርጋል ትላለች። ማታ ከምድጃው ጀርባ ከምትቀመጠው ትንሽ ማሰሮ እርሾ ቀድታ ለወሰችና ሸፍና አሳደረችው። በማግስቱ ጥቁር አዝሙድ በትና፣ ብረት ድስቱ ውስጥ ኮባ አንጥፋ፣ ከታችም ከላይም ፍም አድርጋ ጋገረችው። ኮባውን ሙህሲን ነው ከአገር ቤት የሚያስመጣላት። ዳቦው ሲወጣ ጀርባውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ታዳምጠዋለች። ድምፁ ደስ ካላት ፈገግ ትላለች፤ በዳቦዋ በጣም ትኮራለች፣ ይህን ግቢው ሁሉ ያውቃል።

በመጀመሪያው ቀን ዓሊያ ፈራ ተባ እያለች አንድ ቁራሽ በላች። ሆዷ ዝም አለ። በማግስቱ ሁለት በላች። በሦስተኛው ቀን ሙህሲን በግድግዳው ማዶ፣ «እትዬ ወለተሥላሴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ! ሰው አደረጉልኝ!» ብሎ ሲጮህ ተሰማ። ወለተሥላሴ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ሳታጓድል መግሪብ ሊደርስ ሲል ትኩሱን ዳቦ በሰማያዊዋ ሰሃን አድርጋ ታቀብላለች። እሷም የሐዋርያትን ጾም ይዛለች። ሁለት ጾመኛ ሴቶች በር ላይ ተገናኝተው፣ አንዷ ትሰጣለች፣ አንዷ ትመርቃለች።

በዚያ ዓመት ረመዳንና የሰኔ ሚካኤል ገጥመው ነበር የዋሉት። ወለተሥላሴ የሚካኤል ጽዋ አላት፤ ተራዋ ስለነበር ጠላ ጠመቀች። ግቢው ጌሾ ጌሾ ሸተተ። ዓሊያ ለዓመታት የለመደችው ሽታ ስለሆነ ምንም አላለችም፤ እንዲያውም ማኅበርተኞቹ የሚቀመጡበትን አግዳሚ ወንበር ከቤቷ አውጥታ ያዋሰቻት እሷ ናት። ጽዋው አልቆ ሰው ሲበተን ወለተሥላሴ ጋኑን ልታጥብ ጎንበስ አለች። ከሥሩ ከቀረው አተላ በጭልፋ ቀድታም እርሾ ማሰሮዋ ላይ ጨመረችበት። እናቷ ቡልጋ ሳሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ እሷም ጠላ በጠመቀች ቁጥር እንዲሁ ታደርጋለች። ክረምት ሲገባ እርሾው ይደክማል፣ አተላው ያነቃዋል። እጇ ይህን ሲሠራ አሳቧ ካልታጠቡት ብርጭቆዎች ላይ ነበር። ማሰሮዋን ከደነችና ወደ ብርጭቆዎቹ ሄደች።

ረመዳኑ ከተጋመሰ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ዓሊያ እየተፍለቀለቀች ገባች። የቱሉ ዲምቱው ኮንዶሚኒየም ቁልፍ ተሰጥቷቸዋል። ዒድ እንዳለፈ ይገባሉ።

«እልል በይልኝ እንጂ!» አለች።

ወለተሥላሴ እልል አለች። እልልታው መሐል ላይ ሳግ ገብቶበት ነበር፤ ቢሆንም ጨረሰችው።

«እኔ ግን ከዚህ ቤት አንድ ነገር ሳልወስድ አልሄድም» አለች ዓሊያ። «እርሾሽን ታካፍዪኛለሽ። አሠራሩንም ዛሬ ታሳዪኛለሽ። ቱሉ ዲምቱ ድረስ ዳቦ አትልኪልኝ ነገር!»

ይህ ለወለተሥላሴ ከቁልፉ በላይ ደስ የሚል ወሬ ነበር። የገዛ ልጇ እድላዊት ቂሊንጦ ፋብሪካ ውላ ስትመጣ ዳቦውን መብላት እንጂ አሠራሩን ጠይቃ አታውቅም። ወለተሥላሴ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ማሰሮዋን ከምድጃው ጀርባ አወጣችና መሐላቸው አስቀመጠቻት። ክዳኑ ሲነሣ ኮምጣጣው ሽታ ወጣ።

«ይቺን አየሻት? የእናቴ ናት፣ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች» አለች። «በጋገርሽ ቁጥር ከሊጡ እፍኝ ታስቀሪና ወደ ማሰሮዋ ትመልሻለሽ። ባዶ እንዳታደርጊያት።»

«እሺ።»

«ክረምት ክረምት ትደክማለች። ያኔ አረፋዋ ይጠፋል። ደንግጠሽ እንዳትደፊያት፤ ትንሽ ብቻ የ...»

ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ወለተሥላሴ ማሰሮዋን አየች፣ ቀና ብላ ዓሊያን አየች። የዓሊያ ከንፈር በጾም ደርቋል። ረመዳን ከገባ ጀምሮ በዚህ ቤት የተጋገረው ዳቦ ሁሉ፣ ከተምሩ ቀጥሎ ወደዚህ አፍ የገባው ቁራሽ ሁሉ፣ የሚካኤል ጠላ ያለበት ነው። ለዓመታት ጠላውን ስትጠምቅ ኖራለች፣ ዳቦውንም ስትጋግር ኖራለች። አንድ ቀን እንኳ ሁለቱን ባንድ ላይ አስባቸው አታውቅም። ለእሷ እርሾ እርሾ ነው፣ ጠላ ደግሞ ጠላ።

«የምን?» አለች ዓሊያ።

«ውሃ» አለች ወለተሥላሴ። «ለብ ያለ ውሃ።»

«ዱቄትና ለብ ያለ ውሃ ብቻ?»

«ብቻ።»

ዓሊያ ዕቃ ይዛ መጥታ ነበር፤ ክዳን ያላት የፕላስቲክ ሳህን። ወደ ማሰሮዋ አስጠጋቻት። ወለተሥላሴ ማሰሮዋን ከደነች።

«ፀሐይ ካዘቀዘቀች እርሾ ከቤት አይወጣም» አለች። «የቤቱን በረከት ይዞ ይሄዳል።»

እንዲህ ያለው ልማድ በእርግጥ አለ፤ ወለተሥላሴ ግን ይህን ልማድ ያከበረችበትን ቀን አታስታውስም። ዓሊያ የሰው ወግ ታከብራለች። «ነው? ይቅርታ፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብላ ሳህኗን ይዛ ሄደች።

የዚያ ቀን ዳቦ ግን ተጋግሮ ወጥቶ ነበር። በጨርቅ ተሸፍኖ መደቡ ላይ ይጨሳል። ከመስጊዱ አዛን ሊወጣ ትንሽ ቀርቶታል። ወለተሥላሴ ሰሃኗን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። ብትልክ እያወቀች ልትመግባት ነው። ባትልክ ዓሊያ ባዶ ሾርባ ፊት ልትቀመጥ ነው። በመጨረሻ ግድግዳውን አንኳኳችና፣ «ዓሊያዬ፣ ዛሬ አረረብኝ፤ ይቅር በይኝ!» አለች።

«አይዞሽ!» አለች ዓሊያ ከማዶ። «ሙህሲን ለልጆቹ ከዳቦ ቤት ይዟል፣ እሱን እንቀምሳለን።»

ወለተሥላሴ ያላረረውን ዳቦ ፊቷ አድርጋ ተቀመጠች። እድላዊት በሰርቪስ ገብታ፣ እግሯን እንኳ ሳትታጠብ ዳቦውን መቁረስ ጀመረች። እናቷ የሆነውን ነገረቻት።

«እማዬ ደግሞ!» አለች እድላዊት። «በእሳት አልፏል እኮ። ጠላው የታለ? ተኖ ሄዷል።»

«ለእኔና ላንቺ ሄዷል። ለእሷስ?»

«ካላወቀች ለእሷም ሄዷል። ደግሞ ሰዎቹ ሊሄዱ ነው። ምን ያነካካሻል? ዝም ብለሽ እርሾውን ስጫትና ተሳስማችሁ ተለያዩ።»

ምክሩ ቀላል ነበር። ወለተሥላሴም ልትቀበለው ምንም አልቀራት። ነገር ግን አንድ የዓቢይ ጾም ትዝ አላት። ዓሊያ ምስር ወጥ ልካላት፣ ወለተሥላሴ ገና አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ ዓሊያ በባዶ እግሯ እየሮጠች ገብታ ከእጇ ነጠቀቻት። «ቅቤ የነካ ማንኪያ ገብቶበታል፣ እንዳትበዪው!» ብላ ወጡን እንዳለ ይዛው ወጣች። እንደ አዲስ ሠርታም አመጣችላት። ዝም ብትል ኖሮ ማን ያውቅባት ነበር? ወለተሥላሴ አፈረች። በልጇ ፊትም ቢሆን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጠዋት ቧንቧው ጋ ሲገናኙ የዓሊያ ዓይን ጎድጉዶ፣ ፊቷ ገርጥቶ ነበር። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው።

«ያ ዳቦ ቤት ገደለኝ» አለች እየሳቀች። «ስሑር እንኳ መብላት አልቻልኩም። በይ እርሾዬን ስጪኝ።»

«ግቢ» አለች ወለተሥላሴ። «አንቺ ቤት እንግባ።»

ቤቱ ግማሹ ታስሯል። ማዳበሪያ ውስጥ የገቡ ድስቶች፣ በገመድ የተጠፈሩ ፍራሾች። ግድግዳው ላይ ካለፈው ወር ምርጫ የተረፈ ካላንደር ብቻ ተንጠልጥሏል። ዓሊያ ለወለተሥላሴ በርጩማ አቀረበችላት፣ እሷ አልተቀመጠችም።

«ትናንት ዋሸሁሽ» አለች። «ውሃ አይደለም። ጠላ ስጠምቅ ከአተላው እጨምርበታለሁ። ከድሮ ጀምሮ ነው። አስቤው አላውቅም፤ ሚካኤልን እልሻለሁ፣ ትናንት ላሳይሽ ስል ነው የታወሰኝ። ዳቦውም አላረረም ነበር።»

ዓሊያ ይዛው የነበረውን ገመድ ቋጠረችው፣ ፈታችው።

«ረመዳኑን ሙሉ?» አለች።

«ረመዳኑን ሙሉ።»

«እኔ ደግሞ በየቀኑ መረቅኩሽ።»

 ዓሊያ ወደ ጓዳ ገባች። ውሃ ሲፈስ ተሰማ። ስትመለስ ሰማያዊዋን ሰሃን ይዛ ነበር፤ አጥባ፣ አድርቃ፣ ባዶዋን። ወለተሥላሴ እጅ ላይ አስቀመጠቻት።

«ዕቃሽ ከዕቃችን ጋር እንዳይታሰር» አለች። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር።

ወለተሥላሴ ቤቷ ገብታ ሰሃኗን ምስማር ላይ ሰቀለቻት። እንደዚያ ባዶ ሆና አይታት አታውቅም ነበር። አለቀሰች፤ እድላዊት ሥራ ስለነበረች የሚያያት አልነበረም፣ እንደልቧ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረዘሙ። ቧንቧው ጋ ሲገናኙ ዓሊያ ሰላም ትላለች። እንደ ሩቅ ሰው፣ «ደህና አደርሽ?» ብላ ባልዲዋን ይዛ ትገባለች። ዒድ መጣ። በየዓመቱ በዒድ ጠዋት ከማንም በፊት የምትሞላው ያቺ ሰሃን ከምስማሯ ሳትወርድ ዋለች። በሦስተኛው ቀን አይሱዙ መጥቶ ግቢው በር ላይ ቆመና ፍራሹ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የሱቁ መደርደሪያ ሳይቀር ተጫነ። ዓሊያ ወለተሥላሴን ጉንጭና ጉንጯን ሳመቻትና ጋቢና ገባች። ሙህሲን ወደኋላ ቀረት አለ።

«እትዬ፣ ሸኹን ጠይቄያለሁ» አለ ዝቅ ብሎ። «ሳናውቅ የበላነው አይያዝብንም ብለዋል። እርስዎም ሳያውቁ ነው ያደረጉት።»

«ታዲያ እሷ ለምን?»

ሙህሲን አንገቱን አከከ። «እሷ የከፋት በጠላው አይደለም። ዓይን ዓይኗን እያዩ ለብ ያለ ውሃ አሏት። እሱ ነው ያልወጣላት።»

መኪናው ጭቃውን እየረጨ ሄደ።

ክረምቱ ገባ። ወለተሥላሴ መጋገር አልተወችም፤ እድላዊት ትበላለች፣ ጎረቤትም አለ። ግን ዳቦው ሲወጣ ጀርባውን መታ ማድረግ ተወች። ዓሊያ የነበረችበት ቤት ወንደላጤ ተከራይቶት ሙዚቃ ያስጮህበታል። ወለተሥላሴ አንዳንዴ ግድግዳውን ልታንኳኳ እጇን ታነሣና ትዝ ሲላት ትመልሰዋለች።

ፍልሰታ ሊፈታ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ዓሊያ ናት። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ከቱሉ ዲምቱ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የመጣችው። ያቺን ክዳን ያላትን ሳህን በሻሽ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ታቅፋለች።

«ውሸትሽን ይዤልሽ መጣሁ» አለች።

ሰላምታም አላስቀደመች። ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ ሻሹን ፈታች፣ ክዳኑን ከፈተች። ውስጡ ያለው ሊጥ አብጦ፣ በአረፋ ተበሳስቶ እስከ አፉ ሞልቷል። ኮምጠጥ ያለ ሽታ ወጣ። ጌሾ ጌሾ አይልም።

«ዱቄትና ለብ ያለ ውሃ ብቻ፣ አላልሽኝም? እልህ ያዘኝ» አለች ዓሊያ። «እንደማይሠራ አይቼ፣ አምጥቼ ፊትሽ ላስቀምጥልሽ ነበር የጀመርኩት። የመጀመሪያው ሸተተ፣ ደፋሁት። ሁለተኛው ሞቶ ቀረ። ሙህሲን፣ ይቺ ሴትዮ አበደች ብሎ ሳቀብኝ። ሦስተኛውን ረስቼው ከማድቤት መስኮት ሥር ትቼው፣ አንድ ጠዋት ብነሣ ክዳኑን ገፍቶ ወጥቷል!»

ወለተሥላሴ ጎንበስ ብላ አየችው። በጣቷ ነካችው። ጣቷን አሸተተች።

«ጋገርሽበት?»

«ጋገርኩበት። ድንጋይ ሆነ። ሙህሲን በፊቴ የሚበላ መስሎ ከኋላዬ ሊደብቀው ሲሞክር ያዝኩት። ግን ሆዴን ምንም አላለኝም።»

«አላስተኛሽውማ!»

«ማን ያሳየኝ?» አለች ዓሊያ። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «ማን ያሳየኝ እትዬ? ፎቅ ላይ ሆኜ የማንን ግድግዳ ላንኳኳ?»

ወለተሥላሴ ከጎኗ ተቀመጠች። ይቅር በይኝ ልትል አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። ዓሊያ ያን ሻሽ አቀበለቻት፤ ሻሹ ሊጥ ነክቶት ስለነበር የወለተሥላሴ ጉንጭ ላይ ሊጥ ተለጠፈ። ዓሊያ በአውራ ጣቷ ጠረገችላት።

«ይሄ ግማሹ ነው» አለች። «ግማሹ እቤት አለ። ይሄ ያንቺ ነው። ያንቺ ማሰሮ እንዳለች ትኑር፣ የእናትሽ ናት። ለእኔ ስትጋግሪ ግን በዚህ ጋግሪ። የእኔ የሞተብኝ እንደሆነ ካንቺ እወስዳለሁ፤ ያንቺ የሞተ እንደሆነ ከእኔ ትወስጃለሽ።»

ወለተሥላሴ ተነሥታ ጓዳዋን አመሰች። ክዳኗ የተሸረፈ ሌላ ማሰሮ አገኘች፣ በፈላ ውሃ ደጋግማ አጠበቻት፣ እርሾውንም ገለበጠችባት። እንዳትሳሳት ከዓሊያ ሻሽ ጫፍ አረንጓዴ ክር መዝዛ በማሰሮዋ ጆሮ ላይ አሰረች፣ ምድጃው ጀርባም ከአሮጌዋ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻት። ከዚያ ዱቄት አወጣች። ዓሊያ እጅጌዋን ሰበሰበች። ወለተሥላሴ ለብ ያለ ውሃ በጣሳ እያፈሰሰች፣ ዓሊያ እየለወሰች፣ «አይ፣ አትጭመቂው፣ እጠፊው!» እየተባለች ጨረሰች። ሊጡን በሻሹ ሸፈኑት።

«አሁንስ?» አለች ዓሊያ፣ እጇን እየታጠበች። «ምን ያህል ይቆያል? ታክሲ ሳይጠፋ መሄድ አለብኝ።»

ወለተሥላሴ ሰማያዊዋን ሰሃን ከምስማሯ አወረደቻት፤ አቧራዋን በነጠላዋ ጠርጋም መደቡ ላይ አስቀመጠቻት።

«ለሙህሲን ደውዪለት» አለች። «ሊጡ እስከ ነገ ጠዋት አይደርስም።»